የድሮ የዶስ ጌም አዲስ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው አንድ ጋሼ ሱቄ መጡ፣ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው ኮምፒውተር የምጠግነው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሲዲ ከቦርሳቸው አወጡና "ልጄ ይቺን ጌም ለልጅ ልጄ ላሳየው ነበር፣ አዲሱ ላፕቶፕ ግን አልከፍትም አለኝ፣ ተበላሽታ ነው መሰለኝ" አሉኝ። ሲዲው ላይ በማርከር "ጌም" ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም። ብዙ ሰው እንደዚህ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ጌሙ ተበላሽቷል ብሎ። አልተበላሸም ጋሼ አልኳቸው፣ ጌሙ የሚያውቀውን ኮምፒውተር አጥቶ ነው። እነዚህ የዶስ ጌሞች (ዶስ ማለት ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን ያሰራ የነበረው ሲስተም ነው) ሲሰሩ ፍጥነቱ ይሄ ነው፣ ሳውንድ ካርዱ እዚህ ቁጥር ላይ ነው፣ ሲዲው እዛ ድራይቭ ላይ ነው ብለው አምነው ነው የተሰሩት፣ እኛ ደግሞ ያንን ኮምፒውተር በኢሙሌተር አስመስለን እንሰጣቸዋለን፣ አንዱን ካሳሳትን እምቢ ይላሉ። ከታች ያለው በሙሉ እኔው ጋ ሲመጣ ያየሁት ችግር ነው። ትእዛዞቹን በኛው ፊደል ነው የጻፍኳቸው፣ ስትተይቡ በላቲን መሆኑ መቼም ይገባችኋል።

"ዲስ አፕ ካንት ራን ኦን ዮር ፒሲ" ይላል

ይሄ ገና ጌሙን ዊንዶውስ ላይ ደብል ክሊክ ስታደርጉ የሚመጣ ነው። ምክንያቱ ጌሙ 16 ቢት ነው፣ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት ፕሮግራም ጭራሽ አይከፍትም። ድሮ በ32 ቢቱ ዊንዶውስ ይሰራ ነበር፣ ዊንዶውስ 11 ግን 64 ቢት ብቻ ነው። ራይት ክሊክ አድርጎ "ኮምፓቲቢሊቲ" ውስጥ ገብቶ ዊንዶውስ 95 መምረጥም አያዋጣም፣ ሰዓታችሁን አታባክኑ።

መፍትሄው ዶስቦክስ ነው፣ ቅድም ያልኩት ኢሙሌተር እሱ ነው። ከ2002 ጀምሮ ያለ ነጻ ፕሮግራም ነው፣ በ2019 የወጣው 0.74-3 ከ2 ሜጋባይት በታች ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። ዶስቦክስ ስቴጂንግ እና ዶስቦክስ ኤክስ የሚባሉ ከሱ የወጡ አዳዲሶችም አሉ፣ ጥሩ ናቸው፣ እኔ ግን እዚህ የምጽፈው ስለ ዋናው ነው፣ እነሱ ላይ አንዳንድ ሴቲንግ ስሙ ይለያል።

ዶስቦክስ ተከፈተ፣ ጥቁር ስክሪን መጣ፣ ጌሙ ግን የለም

"ድራይቭ ሲ ዳዝ ኖት ኤግዚስት" ካላችሁ ምክንያቱ ዶስቦክስ እናንተ ካላሳያችሁት በቀር የኮምፒውተራችሁን ፎልደር አያይም። ሲከፈት ዜድ የሚባል የራሱ ድራይቭ ላይ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሲ ድራይቭ ላይ በቀጥታ "ጌም" የሚል ፎልደር በላቲን ፊደል ፍጠሩ፣ ጌሙን እዛ ውስጥ ክተቱ፣ ከዛ ዶስቦክስ ላይ ማውንት፣ ስፔስ፣ ሲ፣ ስፔስ፣ ቀጥሎ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ ጽፋችሁ ኢንተር። ቀጥሎ ሲ እና ኮለን ብቻ፣ ኢንተር። ዲር ስትሉ ያለው ነገር ይዘረዘራል፣ መጨረሻው ኢ ኤክስ ኢ ከሚሉት አንዱን ስሙን ጽፋችሁ ትከፍታላችሁ። ሙሉ ሲ ድራይቩን ግን አታሳዩት፣ አንዱን ፎልደር ብቻ።

እዚህ ጋ የኛ ሰው የሚወድቅባቸው ነገሮች አሉ። ፎልደሩን በአማርኛ ሰይሞ "ጌሞቼ" ያለ ልጅ መጥቶልኝ ያውቃል፣ ዶስቦክስ በአማርኛ የተጻፈ የፎልደር ስም አይገባውም፣ የለም ይላችኋል። የዊንዶውስ ዩዘር ስማችሁ ራሱ በአማርኛ ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ እንደዛው ነው፣ ለዛ ነው በቀጥታ ሲ ላይ ያልኩት። በስሙ መሀል ስፔስ ካለ አድራሻውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉት። ረጅም ስም ደግሞ ዶስ ከ8 ፊደል በላይ ስለማያውቅ የመጀመሪያዎቹን 6 ይተውና ከኋላ ~1 ይቀጥልበታል፣ ታብ ብትጫኑ ራሱ ይሞላላችኋል። ሌላው ደግሞ ዚፑን ሳይፈቱ ውስጡ ገብተው የሚከፍቱ አሉ፣ ኧረ መጀመሪያ ኤክስትራክት አድርጉ!

ኮለኑ አልጻፍም ካለ፣ ወይም ስትተይቡ ሌላ ነገር ከወጣ፣ ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ነው። ዶስቦክስን ከመክፈታችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ኪቦርዱ የሌላ አገር ሆኖ አሁንም ካስቸገረ አልት ተጭናችሁ በጎን ባለው የቁጥር ኪቦርድ 58 ስትሉ ኮለን፣ 92 ስትሉ ባክስላሽ ይሰጣችኋል።

በየቀኑ ማውንት መጻፍ ከሰለቻችሁ ስታርት ሜኑ ውስጥ የዶስቦክስ ፎልደር ላይ "ኦፕሽንስ" የሚል አለ፣ ኖትፓድ ይከፈታል፣ የመጨረሻው መስመር ድረስ ውረዱ፣ ኦቶኤግዜክ ከሚለው ስር እነዛኑ ትእዛዞች ጻፏቸው፣ ሴቭ። በቃ ከዛ በኋላ ሲከፈት ራሱ ያደርገዋል።

ጌሙ እንደ ጥይት ይሮጣል፣ ወይም ደግሞ ይንቀረፈፋል

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሰው የሚያማርርበት ግማሹ እዚህ ነው። የ80ዎቹ ጌሞች ብዙዎቹ ሰዓት አያዩም፣ ኮምፒውተሩ በቻለው ፍጥነት ነው የሚሮጡት፣ በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፍጥነቱ 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር፣ የዛሬ ላፕቶፕ ላይ ያለውን ልዩነት እናንተ አስቡት። ዶስቦክስ ይሄንን የሚቆጣጠረው ሳይክልስ በሚባል ቁጥር ነው፣ ከመስኮቱ አናት ላይ ተጽፎ ታዩታላችሁ። ኮንትሮል እና ኤፍ 11 ስትጫኑ ይቀንሳል፣ ኮንትሮል እና ኤፍ 12 ይጨምራል፣ ሲጨምር 10 በመቶ፣ ሲቀንስ 20 በመቶ ነው የሚዘለው። ጌሙ እየሄደ እያለ ነው የምትነኩት፣ መዝጋት አያስፈልግም።

ስንት ላድርገው ካላችሁ በግምት ልስጣችሁ፦ ለመጀመሪያዎቹ የ80ዎቹ ጌሞች 300 አካባቢ፣ ለ286 ዘመን (286፣ 386፣ 486 የድሮ ፕሮሰሰሮች ስም ነው) 3000 ገደማ፣ ለ386 ደግሞ 6000፣ እንደ 1993ቱ ዱም አይነት 486 የሚፈልጉት ላይ 20 ሺህና ከዛ በላይ። ከዚህ ጀምራችሁ በአይናችሁ አስተካክሉ፣ ሰውየው ሲራመድ ሰው ከመሰለ ደርሳችኋል ማለት ነው። የወደዳችሁትን ቁጥር ኦፕሽንስ ውስጥ ሳይክልስ የሚለው ጋ "ፊክስድ" ብላችሁ ከጎኑ ጻፉት፣ ካልሆነ ሲዘጋ ይጠፋል።

ላፕቶፕ ላይ "ኤፍ 12 ስነካ ድምጽ ነው የሚጨምረው" የሚሉኝ አሉ፣ ኤፍኤን የሚለውንም አብራችሁ ያዙ።

ጠዋት ደህና ነበረ፣ ከሰዓት ይቆራርጣል

ይሄን ለብቻ የጻፍኩት የአዳማ ሰው ስለሆንኩ ነው። አንዲት እህት ላፕቶፗን ሶስቴ አመላልሳዋለች፣ እኔ ጋ ስከፍተው ይሰራል፣ ቤቷ ስትወስደው ድምጹ እንደ ተሰነጠቀ ስፒከር ይንኮሻኮሻል። ሶስተኛው ቀን ላይ በስንት ሰዓት ነው የምትጫወቺው አልኳት፣ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ላፕቶፑ አልጋ ላይ። ያው ታውቃላችሁ የኛን ከተማ ሙቀት። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ዶስቦክስ ደግሞ ሳይክልሱ ማክስ (በቻልከው ሁሉ ሩጥ ማለት ነው) ላይ ከሆነ አንዱን ኮር ሙሉ በሙሉ ይበላዋል፣ ስለዚህ የሚያግለውም እሱ፣ ሲግል የሚጎዳውም እሱ። መብራት ሲጠፋም ተመሳሳይ ነው፣ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ዊንዶውስ ሀይል ልቆጥብ ብሎ ያዘገየዋል፣ ድምጹ ወዲያው ይቆራረጣል፣ ሰው ደግሞ ጌሙ ነው ይላል።

መፍትሄው ሳይክልሱን ከማክስ አውጥቶ ለጌሙ የሚበቃውን ቁጥር ብቻ መስጠት ነው፣ ለእህቴ 20 ሺህ አደረግኩላት። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ፣ ማራገቢያው ይጠረግ። አሁንም ትንሽ ከተንኮሻኮሸ ኦፕሽንስ ውስጥ ሚክሰር ከሚለው ስር ፕሪበፈር የሚለውን ቁጥር ወደ 50 ወይ 80 ከፍ አድርጉት፣ ድምጹ በጣም በጥቂቱ ይዘገያል ግን ይጠራል።

ድምጽ ጭራሽ የለም

የዛን ጊዜ ጌም ሳውንድ ካርዱን ራሱ አይፈልግም፣ እናንተ ናችሁ የምትነግሩት። ከጌሙ ፎልደር ውስጥ ሴትአፕ ወይ ኢንስቶል የሚል ሌላ ኢ ኤክስ ኢ ይኖራል፣ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ፣ ሳውንድ ብላስተር የሚለውን ሳውንድ ካርድ ምረጡ፣ አድራሻ 220፣ አይአርኪው 7፣ ዲኤምኤ 1። 220፣ 7፣ 1 ብላችሁ ያዙት። አንዳንዱ ጌም አይአርኪው 5 ብሎ ይጀምራል፣ 5ቱን ሳይቀይር የሚያልፍ ሰው ነው ድምጽ አጣሁ የሚለው። የተኩሱ ድምጽ እየተሰማ ሙዚቃው ብቻ ከጠፋ ለሙዚቃው ሮላንድ ወይ ሚዲ ተመርጦ ሊሆን ይችላል፣ አድሊብ ወይ ሳውንድ ብላስተር አድርጉት።

ትንንሾቹ

ማውሱ ከመስኮቱ አልወጣም ካለ ኮንትሮልና ኤፍ 10። ስክሪኑን ለመሙላት አልትና ኢንተር። ምስሉ ከሞላ በኋላ ሰዎቹ ድንክና ወፍራም ከሆኑ፣ ጌሙ 320 በ200 ሆኖ በድሮው 4 ለ3 ቴሌቪዥን በመሰለው ሞኒተር ላይ እንዲለጠጥ ነው የተሰራው፣ ኦፕሽንስ ውስጥ አስፔክት የሚለውን ትሩ አድርጉት፣ አውትፑት የሚለውን ኦፕንጂኤል።

ማንም ሳይነካው ሰውየው ወደ አንድ ጎን ከሄደባችሁ ጆይስቲክ ያለ መስሎት ነው፣ ኦፕሽንስ ውስጥ ጆይስቲክታይፕ የሚለውን ነን በሉት።

"ፓክድ ፋይል ኢዝ ኮራፕት" ሲል ሰው ሁሉ ድጋሚ ያወርዳል፣ ፋይሉ ግን ደህና ነው። ድሮ የሜሞሪው መጀመሪያ በሌላ ነገር ይሞላ ነበር፣ ዶስቦክስ ላይ ባዶ ሆኖ ጌሙ በመጀመሪያው 64 ኪሎባይት ውስጥ ሲቀመጥ ይደናገራል። ሎድፊክስ ብላችሁ፣ ስፔስ፣ የጌሙን ስም። አለቀ።

"ረንታይም ኤረር 200" ደግሞ ቱርቦ ፓስካል በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፉት ላይ ነው፣ ሲከፈቱ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይለካሉ፣ ቁጥሩ ከሚችሉት በላይ ይሆንባቸዋል። ከመክፈታችሁ በፊት ሳይክልስ ቀንሱ።

"ዲስ ፕሮግራም ሪኳየርስ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ" ካለ የዶስ ጌም አይደለም፣ የዊንዶውስ ነው፣ ከዶስቦክስ ጋር አትታገሉ።

ሲዲ አስገባ እያለ ከጨቀጨቃችሁ ማውንት፣ ዲ፣ የሲዲ ማንበቢያችሁ ፊደል ከነኮለኑና ባክስላሹ፣ ከዛ ሰረዝ ቲ፣ ስፔስ፣ ሲዲሮም። ሲዲውን ወደ ፋይል ስትቀዱ አይሶ ብቻ ካደረጋችሁ የሲዲው ሙዚቃ አብሮ አይመጣም፣ ቢን እና ኪው በሚለው ቅዱ።

ጌም ከየትም አውርዳችሁ ከምትጫኑ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብቻ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የዱም የመጀመሪያው ክፍል ሼርዌር ስለሆነ በነጻ ይገኛል፣ ለመሞከሪያ እሱን ውሰዱ።

ጋሼ ጋ ልመለስ። ሲዲያቸው ላይ ያለው ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ሆነ። ማውንት አደረግኩ፣ ድምጹን 220፣ 7፣ 1፣ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጣታቸው ራሱ ያስታውሳል፣ ሺፍት ተጭነው ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠሉ ሳይ ገረመኝ። ሶስት ደቂቃ ሳይሞላ ከመሀል የዊንዶውስ መልእክት ዘሎ ወጣ። ስቲኪ ኪስ ነው፣ ሺፍት አምስቴ ሲጫኑት ይመጣል፣ ይሄ ጌም ደግሞ ያለ ሺፍት አይሆንም። ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ገብታችሁ አጥፉት፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አንደኛውን ደረጃ ጨርሰው ብዙ ብልቃጥ ያለበት ክፍል ገቡ፣ እየተሳሳቱ ጠጡ፣ ሞቱ። "ይሄውልህ፣ ተበላሽታለች አላልኩህም?" አሉኝ። እሱ ብልሽት አይደለም፣ ኮፒ መከላከያ ነው፣ ከማኑዋሉ ይሄን ገጽ ይሄን መስመር ይሄን ቃል አይተህ የመጀመሪያ ፊደሉ ያለበትን ብልቃጥ ጠጣ ነው የሚለው። ማኑዋል የለኝም ስላቸው ትንሽ አሰቡና "ቆይ፣ ያኔ እኛ በደብተር ጽፈነው ነበር" ብለው ስልካቸውን አወጡ፣ ድሮ አብሯቸው ይሰራ ለነበረ ጓደኛቸው ደወሉ፣ ደብተሩ አልተገኘም፣ ወሬው ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀ።