የመንኮራኩሩ ወገብ ሲረግብ፦ ለሌጎ ሠሪዎች ችግርና መፍትሄ

ሰው በራሱ ሐሳብ ከሌጎ፣ ማለትም እርስ በርሱ ከሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ፣ የሠራቸውን የጠፈር መንኮራኩሮች ስጠግን ዓመታት ሆኖኛል። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም። ካርቶኑ ላይ ሥዕል ያላቸውን ማለቴ አይደለም። መመሪያ የሌላቸውን፣ ልጁ ከራሱ አውጥቶ የሠራቸውን ነው። ጡቡ እስከ መጨረሻው መጫኑን፣ ጉብታዎቹ (ጡቡ አናት ላይ ያሉት ክብ ክብ እብጠቶች) ላይ ቆሻሻ አለመኖሩን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

አፍንጫው ይደፋል፣ ወገቡ ይረግባል

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣልኝ ይሄ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ መንኮራኩር ጠዋት አፍንጫው ተደፍቶ ይገኛል። በዓይናችሁ ልክ አድርጋችሁ ጎኑን እዩት። ክፍተቱ ከላይ ከሆነ አፍንጫው ወይም ጅራቱ ደጋፊ አጥቶ ተንጠልጥሏል። ክፍተቱ ከሆዱ በኩል ከሆነ ደግሞ መሃሉ ደጋፊ የለውም።

ምክንያቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ሌጎ ሲሠራ ጡቦቹ ጎን ለጎን እንዳይጣበቁ በየጎናቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ይቀነስላቸዋል። ስለዚህ በሁለት ጡቦች መሃል 0.2 ሚሊ ሜትር ይቀራል። መኪና ላይ ይሄ ምንም አይደለም። ከ100 ጉብታ በላይ ማለትም ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም መንኮራኩር ላይ ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ትንሽ ሲለቅ ተደምሮ በዓይን ይታያል። ጉብታ ወደ ጎን ሲገፉት ይጠነክራል፣ ወደ ላይ ሲስቡት ግን ይለቃል። አፍንጫ ሲደፋ የላይኛውን ጡብ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ይስበዋል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ግራጫ መንኮራኩር አመጣልኝ። አንገቱ በረገበ ቁጥር ከላይ ፕሌት፣ ማለትም ስስ ጠፍጣፋ ጡብ፣ ይጨምርበታል። አምስት ጊዜ ጨምሮበታል። በጨመረ ቁጥር አንገቱ ከበደ፣ በከበደ ቁጥር ይበልጥ ደፋ። ሰፌድ ላይ ፈታነው። የአንገቱ ንብርብር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚጋጠመው፣ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ። ግንበኛ እንዲህ አድርጎ ግድግዳ አይሠራም። የታችኛው መጋጠሚያ ላይ የላይኛው ጡብ መሃሉን ያሳርፋል። ይሄን ብቻ ስናስተካክል ግማሹ ችግር ጠፋ።

ግማሹ የቀረውን የሚፈታው ፒን ነው፣ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ካስማ። አጥንቱን፣ ማለትም ክብደቱን የሚሸከመውን የውስጥ ክፍል፣ ቀዳዳ ካላቸው የቴክኒክ ጡቦች ሥሩ። አንዱን ረድፍ ዘርጉ። በላዩ ሁለት ፕሌት ደርቡ። ከዚያ ሁለተኛውን የቴክኒክ ጡብ ረድፍ ጫኑ። ጡብ 9.6 ሚሊ ሜትር ነው ቁመቱ፣ ፕሌት 3.2። ስለዚህ ከታችኛው ቀዳዳ እስከ ላይኛው ልክ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ዘንግ ደግሞ በየ8 ሚሊ ሜትሩ ነው የሚበሳው። አቁማችሁ ስታስጠጉት አንደኛውና ሦስተኛው ቀዳዳ ቁልጭ ብለው ይገጥማሉ። በሁለቱም ፒን አስገቡ። አሁን ንብርብሩ ሊከፈት ቢል ጉብታው ሳይሆን ፒኑ ነው የሚይዘው። እኔ በየ12 ጉብታው፣ ግራና ቀኝ አደርገዋለሁ። አንገቱ ከሆዱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ግን ሳትቆጥቡ አጠጋግታችሁ አድርጉ።

ሁለት ፕሌት ነው ያልኩት። አንድ አይደለም፣ ሦስትም አይደለም። ሦስት ፕሌት አንድ ጡብ ያህላል ብለው ሦስት የሚደርቡ አሉ። ያኔ ርቀቱ 19.2 ይሆናል፣ ፒኑም አይገባም። አይገባም ሲላቸው ይመቱታል። በመዶሻ ሲመታም አይቻለሁ። ፒን በአውራ ጣት ተገፍቶ ጠቅ ብሎ ካልገባ ስህተቱ ልኬቱ ላይ ነው። እባካችሁ አትምቱት።

ፒኑም ጥቁሩ ይሁን። ግራጫው ለሚሽከረከር ነገር የተሠራ ስለሆነ ልል ነው። አንድ መንኮራኩር ሙሉ አጥንቱ በግራጫ ፒን ተይዞ መጣልኝ። ሳነሳው እንደ እባብ ተጥመለመለ።

ሱፐር ግሉ አታስነኩት። ደግሜ እላለሁ፣ አታስነኩት። የተጣበቀው መጋጠሚያ አይከፈትም፣ እውነት ነው። ከጎኑ ያለው ግን ይከፈታል። ጭሱ ጡቡን ነጭ ያለብሰዋል፣ ጡቡም ዳግም ለሌላ ሥራ አይሆንም። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ ያመጣላቸውን፣ እዚህ በቀላሉ የማይተካ ጡብ በአንድ ማታ ያጠፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ትንሹ እስካሁን ስለሱ ሲነሳ ዝም ይላል።

ጡቡ አይነክስም

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የገበያ አስመሳይ ጡብ ነው። አንዱ ልል፣ አንዱ በጥርስ ካልሆነ የማይለቅ፣ ከአንድ ከረጢት ውስጥ! ይሄ ልጆች ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ሥራው አልሆንልህ ሲለው ልጁ እኔ ነኝ የማልችለው ይላል። አስመሳዩን ክብደት ለማይሸከም ቦታ፣ ለቅርፊትና ለጌጥ ተጠቀሙበት። አጥንት ውስጥ አታስገቡት። በጥርስም አትፍቱ፣ ምልክቱ አይለቅም።

ጡቡ ደህና ሆኖ ካልነከሰ ግን ቅባት ወይም የበጋ አቧራ ነው። ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት።

የጎን ቅርፊቱ በትንሽ አልገጥም ይላል

ጉብታው ወደ ጎን እንዲዞር አድርጋችሁ ስትሠሩ የሚመጣ ነው። አምስት ፕሌት ተደርቦ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የሁለት ጉብታ ስፋት ይሆናል። አምስት ለሁለት፣ ይሄን በቃላችሁ ያዙት። ሦስት ፕሌት በአንድ ጉብታ ቦታ ልግጠም ያለ ሰው 1.6 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል፣ ያ ትርፍ ቅርፊቱን ገፍቶ ያስነሳዋል።

ነጩ ቢጫ ሆነ

ፀሐይ ነው። ከመስኮት አርቁት።

መንገድ ላይ ተበተነ

አንድ ጊዜ የራሴን ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ወሰድኩት። በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ፣ ሙሉውን። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ አንገቱ ተከፍቶ ነበር። ቡሬ ላይ ክንፉ ወደቀ። ዳንግላ ላይ ለሁለት ተሰበረ፣ መሪው ክፍል ወንበር ሥር ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ወርደው እስኪሄዱ ድረስ እየለቀሙ አቀበሉኝ፣ ሁለት ጡብ ግን ጠፋ።

ስህተቱ የመንገዱ አልነበረም፣ የእኔ ነው። ረጅም መንኮራኩር ከመጀመሪያው ሦስት ቦታ እንዲለያይ ተደርጎ መነደፍ አለበት፦ አፍንጫ፣ ሆድ፣ ሞተር። መለያያው ላይ ከአጥንቱ ጫፍ ዘንግ አውጡ፣ ሌላው ክፍል በላዩ ይንሸራተትበት፣ ከዚያ ከጎን በሁለት ፒን ይቆለፍ። ፒኖቹን ከውጭ በጣት የሚደረስበት ቦታ አድርጓቸው። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ በካርቶን፣ በአሮጌ ልብስ ጠቅጥቃችሁ አስቀምጡ። ክንፎቹን ቀድማችሁ ንቀሉ። ከባዱን የሞተር ክፍል ከሁሉም በታች፣ በጅራቱ አቁማችሁ እንጂ አጋድማችሁ አትጫኑት።