የአይስ ሆኪ ክለብን ታሪክ በአማርኛ ለመጻፍ፦ የዊኒፔግ ጄትስ ምሳሌ

የጅማ ሰው የእግር ኳስ ክለቦቹን አባ ቡናንና አባ ጅፋርን አያምታታም። አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፤ አባ ጅፋር በዚያው ዓመት አድጎ በ2010 ዋንጫውን አነሳ። ሁለቱን የማያውቅ ግን "የጅማው ክለብ ወርዶ ተመልሶ ሻምፒዮን ሆነ" ብሎ ቢጽፍ አይገርምም። የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ላይ ይህ ስህተት ይብሳል፤ እዚያ ክለብ ተሽጦ ከነተጫዋቹ ከተማ ይቀይራል።

ስለዚህ አንድ አረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ወረቀት ላይ መስመር አስምሩ፤ ከተማ፣ ስም፣ ሊግ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ዓመት። ለካናዳዋ ከተማ ዊኒፔግ ሁለት መስመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጄትስ እ.ኤ.አ. በ1972 በደብልዩኤችኤ (የዓለም ሆኪ ማኅበር) ሊግ ጀመረ፣ በ1979 ወደ ኤንኤችኤል (ብሔራዊ ሆኪ ሊግ) ገባ፣ በ1996 ወደ ፊኒክስ ሄዶ ካዮቲስ ተባለ። በ2024 ተጫዋቾቹ ወደ ዩታ ሲዛወሩ ሊጉ ዩታን እንደ አዲስ ክለብ ስለቆጠረው መስመሩን እዚያ ዝጉት። ሁለተኛው በ1999 አትላንታ ላይ ትራሸርስ ተብሎ የጀመረው ነው፤ በ2011 ዊኒፔግ ገብቶ የድሮውን ስም ወሰደ። የዛሬው ጄትስ የክለብ ሪከርድ የሚቆጠረው ከአትላንታ ጀምሮ ነው።

ወጥመዱ ያለው ጎሎቹ ላይ ነው። ቲሙ ሴላኔ በ1992–93 በጀማሪነት ዓመቱ ያገባቸው 76 ጎሎች የመጀመሪያው መስመር ናቸው። ቦቢ ሀል ደግሞ በ1974–75 በዚያው ማሊያ 77 አግብቷል፤ ነገር ግን በደብልዩኤችኤ ስለሆነ ኤንኤችኤል በራሱ ሪከርድ ውስጥ አይቆጥረውም። ሁለቱንም ጻፉ፣ ሊጉን ከጎኑ አስቀምጡ። የአሁኑ ክለብ የድሮዎቹን ኮከቦች በክብር መዝገቡ ስለሚያስገባ ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትመድቡ። ዋንጫም እንዲሁ ነው፤ የድሮው ጄትስ በ1976፣ 1978 እና 1979 ያነሳው አቭኮ ዋንጫ የደብልዩኤችኤ ነው። "ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን" ብላችሁ ከተዋችሁት አንባቢ የኤንኤችኤሉ ዋንጫ ስታንሊ ካፕ ይመስለዋል።

በዘመን አቆጣጠር በኩል እኛ ይቀናናል። የሆኪ ውድድር በጥቅምት አካባቢ ጀምሮ በሰኔ ስለሚያልቅ ሙሉው በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ይወድቃል። ከመጀመሪያው ቁጥር 7 ቀንሱ፤ 1992–93 ማለት 1985 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ግን የ2019–20 ፍጻሜ መስከረም 18 ቀን 2013 ተጠናቀቀ፤ ቀጣዩም በዚያው 2013 አለቀ። ታምፓ ቤይ ሁለቱንም ስላሸነፈ በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ሁለት ዋንጫ አለው፤ በእግር ማስታወሻ አስረዱት። ቀን ስትለውጡ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ተጠንቀቁ፣ ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። አዲሱ ጄትስ በሞንትሪያል 5 ለ 1 የተሸነፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2011፣ መስከረም 28 ቀን 2004 ነው፤ 29 ካገኛችሁ ጳጉሜን ረስታችኋል።

የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ የኳስ ልማድ ያሳስታል፤ በሆኪ ድል 2 ነጥብ ነው። አቻ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ 1 ነጥብ ነበረው፣ ከዚያ ወዲህ አቻ የለም። ከ1999–2000 ጀምሮ በጭማሪ ሰዓት የተሸነፈም 1 ነጥብ ያገኛል። የጨዋታው ብዛትም አንድ አይደለም፤ ሴላኔ 76ቱን ያገባበት ዓመት 84 ጨዋታ ነበረው፣ 1994–95 ደግሞ 48 ብቻ። 2004–05 በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ሙሉ በሙሉ ስለተሰረዘ ረድፉን ባዶ ተዉት፤ ዜሮ መጻፍ ሁሉንም ተሸንፏል ያሰኛል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ረድፍ ደምሩ። ድል፣ ሽንፈት፣ አቻና የጭማሪ ሰዓት ሽንፈት ተደምረው ከጨዋታው ብዛት እኩል መምጣት አለባቸው። ካነሰ ብዙውን ጊዜ የተዘለለው የጭማሪ ሰዓት ዓምድ ነው።