ለልጆች ገነትንና ሲኦልን ስናስተምር ከእሳቱ አንጀምር

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። አዲስ መምህር ሲመደብልን መጀመሪያ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እባክህ ሲኦልን የልጅ ዝም ማሰኛ አታድርገው። «አርፈህ ካልተቀመጥክ እሳት ትገባለህ» የሚል ቃል ከክፍላችን ይጥፋ።

ልጁ ቤቱ ውስጥ «ጅብ ይበላሃል» እየተባለ ነው ያደገው። ዐሥር ዓመት ሲሞላው ጅቡ እንደማይመጣ ያውቃል። ሲኦልንም በዚያው አፍ፣ በዚያው ቁጣ ከሰማ ከጅቡ ጋር አንድ ላይ ይጥለዋል። ፈሪው ልጅ ደግሞ አይጥለውም። ሌሊት ይባንናል፤ እግዚአብሔር ሲባል ይሸማቀቃል። ሁለቱም ከእጃችን ወጡ ማለት ነው።

ስለዚህ ከገነት ጀምሩ። ወረቀትና ከለር ስጧቸውና «ገነትን ሳሉ» በሏቸው። የእኛ ልጆች ጣናን ይስላሉ። ማንጎ ዛፍ ይስላሉ፤ ወፍ ይሞላል። «ቢንቢ የለም» ብሎ በትልቁ የጻፈ ልጅ አጋጥሞኛል። ከወባ ገና መዳኑ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ አትሳቁበት፤ ራእይ 21፥4ን አንብቡለት። እንባ እንደሚታበስ፣ ሞትና ሥቃይ እንደማይኖር ይናገራል። ልጁ ልክ ነው።

ከዚያ «ሥዕላችሁ ውስጥ ማን ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ሰው መሳል ረስተዋል። ጌታን የሳለ ከስንት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉና በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ ታሪክ ንገሯቸው። ጌታ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» አለው እንጂ ስለ ዛፉና ስለ ውኃው አላወራለትም። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ወረቀታቸውን መልሰው ይይዛሉ። አያቷን ያለ ከዘራ የሳለች ልጅ ነበረች።

በሚቀጥለው እሑድ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር በቁሙ፣ አንድ መስመር በአግድሙ አስምሩ። አራት ቤት ይወጣል። የቆመው መስመር ዳግም ምጽአት ነው። ከእሱ በፊት ከላይ ገነት፣ ከታች ሲኦል ይጻፋል። ከእሱ በኋላ ከላይ መንግሥተ ሰማያት፣ ከታች ገሃነመ እሳት። በፊት ያሉት ሁለቱ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ፍርድን የምትጠብቅባቸው ናቸው። በኋላ ያሉት ሙታን ተነሥተው፣ ነፍስና ሥጋ አንድ ላይ ሆነው፣ ለዘላለም የሚኖሩባቸው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መሠረታዊ ትምህርቶች፣ የመጨረሻው፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን፣ የሚያስተምረን ይህን ነው። ትልልቅ ሰዎች እንኳ አራቱን ቀላቅለው ያወራሉ። ልጅ ግን ሰሌዳው ላይ አንዴ ካየ አይምታታበትም።

ፕሮቴስታንት ጓደኛ ያለው ልጅ «እነሱ ለሞተ ሰው አይጸልዩም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፤ ትምህርታቸው ይለያል። ካቶሊኮች ደግሞ ነፍስ የምትነጻበት ስፍራ አለ ብለው ያስተምራሉ። ልዩነቱን ተናገሩና እለፉ። የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ክርክር አትክፈቱ።

ሲኦልን ለማስረዳት ሩቅ አትሂዱ። ልጆቹ በቃላቸው የያዙት አለ። በትንሣኤ ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለው ቤተ ክርስቲያኑን ያናጉታል። «አሰሮ ለሰይጣን» ሲባሉ «አግዐዞ ለአዳም» ይላሉ። ምን እንዳሉ ግን አብዛኞቹ አያውቁም። ንገሯቸው። ሰይጣንን አሰረው፤ አዳምን ነጻ አወጣው ማለት ነው። አዳምና ልጆቹ 5,500 ዘመን እስኪፈጸም ተስፋውን ጠበቁ። ጌታ በመስቀል ላይ ሞቶ በአካለ ነፍስ ወደ ሲኦል ወረደና አወጣቸው። ልጅ ስለ ሲኦል መጀመሪያ የሚሰማው ጌታ እስረኞቹን ያስፈታበትን ታሪክ ይሁን። ለዚህ ነው ትምህርቱን ከደብረ ዘይት እስከ ፋሲካ ባሉት ሳምንታት የምወደው። ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ነው። የዳግም ምጽአቱ ወንጌል፣ ማቴዎስ 24፣ ይነበባል። ልጆቹ ቅዳሴ ላይ ሰምተውት ስለሚመጡ ጥያቄው ራሱ ከእነሱ ይነሣል።

ፍርዱን ከማቴዎስ 25 አስተምሩ። ቁጥር 34ንና ቁጥር 41ን ጎን ለጎን አንብቡላቸው። መንግሥቱ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ለሰው የተዘጋጀ ነው። እሳቱ ግን የተዘጋጀው «ለሰይጣንና ለመላእክቱ» ነው። ይህን ሳላነብላቸው ስለ እሳት አንዲት ቃል አልናገርም። እግዚአብሔር ለእኛ ያሰናዳው መንግሥቱን ነው። ወደማይገባን ቦታ የምንሄደው እሱን እንቢ ብለን ነው።

ከዚያ ስድስቱን ቁጠሩ። ተርቤ፣ ተጠምቼ፣ እንግዳ ሆኜ፣ ታርዤ፣ ታምሜ፣ ታስሬ። ልጆቹ አንዱን መርጠው በሳምንቱ ይሥሩ። «እንግዳ» ሲባል ሆቴል የሚያርፍ ቱሪስት ይመስላቸዋል። ክፍላቸው ውስጥ ተፈናቅሎ መጥቶ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ካለ እሱ መሆኑን ንገሯቸው።

የሲኦልና የገሃነም ሥቃይስ? የለም ብሎ ማለፍ ልጅን ማታለል ነው። ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ግን «ከእግዚአብሔር ርቆ መኖር ነው፤ በጣም ያሳዝናል» ይበቃቸዋል። ዘጠኝና ዐሥር ዓመት ሲሞላቸው የባለጠጋውን የነዌንና ደጁ ላይ የተኛውን የድኻውን የአልዓዛርን ታሪክ ከሉቃስ 16 አንብቡላቸው። ነበልባሉ ላይ አትቆዩ። ደጁ ላይ ቆዩ። ነዌ አልዓዛርን ሲመታው ወንጌሉ ላይ አናይም፤ ሲያባርረውም አናይም። ቁስሉን ውሾች ሲልሱት በአጠገቡ ይወጣል፣ ይገባል። አሁን ጠይቁ፦ «ዛሬ ከቤታችሁ እስከዚህ ስትመጡ ማንን አለፋችሁ?» ክፍሉ ጸጥ ይላል። መልስ አትጠብቁ።

ዩቲዩብ ላይ «ሲኦል ደርሼ መጣሁ» የሚሉ ቪዲዮዎችን ለልጅ አታሳዩ። ነዌም ከሙታን አንድ ሰው ወደ ወንድሞቹ እንዲላክ ለምኖ ነበር። አብርሃም «ሙሴና ነቢያት አሉአቸው፤ እነርሱን ይስሙ» ብሎ መለሰለት። ለእኛም መልሱ ያው ነው።

ከባድ ጥያቄ ይመጣል። «አያቴ አይቆርቡም ነበር፤ ሲኦል ገብተው ይሆን?» ያለ ልጅ ካለ አቅፋችሁ ያዙት። አናውቅም፤ ፈራጁ እኛ አይደለንም። ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት፣ የዐርባውና የሰማንያው ቀን መታሰቢያ ለዚህ መሆኑን ንገሩትና አብራችሁት ጸልዩ። «ጎረቤታችን እስላም ናቸው፤ የት ይገባሉ?» የሚለውም እዚህ ከተማ አይቀርም። እምነታችንን አልደብቅም፤ መንገዱ ክርስቶስ ነው እላለሁ። ግን በማንም ላይ እንድንፈርድ አልተፈቀደልንም፤ ማቴዎስ 7፥1ን አሳያቸዋለሁ። ልጁ ወጥቶ የጎረቤቱን ልጅ «ሲኦል ትገባለህ» ካለው ትምህርታችን ተበላሽቷል።

ከተቻለ ጣና ዳር ወዳለችው ዘጌ ውሰዷቸው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳው ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ልጆችም ይገባሉ። የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልን አትምረጡ። ለወንዶች ብቻ ስለሆነ ግማሹ ክፍል ጀልባ ላይ ይቀራል። ሥዕሉ ፊት ቁሙና «ዓይን ቁጠሩ» በሏቸው። በጥንቱ የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ካወቁ በኋላ ልጆቹ ግድግዳውን ራሳቸው ማንበብ ይጀምራሉ።

ከዚያ የበላዔ ሰብእን ሥዕል ፈልጉ። ሰው ይበላ የነበረ፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ያጠጣ ሰው ነው። ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን እመቤታችን ትደርስለታለች። ከፍ ያሉት ልጆች ወዲያው «ታዲያ እንደፈለጉ ኖሮ ውኃ መስጠት ይበቃል?» ይላሉ። አትቆጧቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ሲያጠጣ ትርፍና ኪሳራ እያሰላ አልነበረም፤ ስሟ ሲጠራ ልቡ ራራ። አስልቶ የሚኖር ሰው ያችን ቀን ላያገኛት ይችላል። ማቴዎስ 10፥42ንም ጨምሩላቸው። አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም።

ጀልባውን ጠዋት ያዙ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንንሾቹን ያስፈራል። ለእያንዳንዱ ልጅ የሕይወት ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትነሡ። ሥዕሉ ጋ አምስት አምስት እያደረጋችሁ አስጠጉ፤ ሁሉም አንዴ ከተጋፋ ከኋላ ያለው ምንም አያይም።