አበባ ጎመን በቺዝ፣ በማይክሮዌቭ

ምድጃ መለኮስ ሲያስጠላኝ የምሠራው ይህን ነው። አንድ ትንሽ አበባ ጎመን እኩል እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አለበለዚያ አንዱ ሲላሽቅ ሌላው ጥሬ ይቀራል። የመስታወት ሳህን ውስጥ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ጨምሩት። ገርበብ አድርጋችሁ ከድኑና በሙሉ ኃይል ከ5 እስከ 6 ደቂቃ አብስሉት። ሹካ ከገባለት በቃው። ክዳኑን ስታነሱ ፊታችሁን ዞር አድርጉ፣ እንፋሎቱ አንዴ እጄን አቃጥሎኛል።

ዋናው ነገር ውሃውን ጥንቅቅ አድርጎ ማጥለል ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ይህን ዘልዬ ሾርባ በልቻለሁ። ቁንዶ በርበሬ ነስንሱ፤ ጨው ግን ቆጠብ፣ ቺዙ ራሱ ጨዋማ ነው። አንድ እፍኝ የተፈቀፈቀ ቼዳር በትኑበትና ሳትከድኑ በግማሽ ኃይል 1 ደቂቃ ተኩል። በሙሉ ኃይል ከሆነ ቺዙ ይደርቃል፣ ቅባቱም ይለያል።