አነስተኛ የከተማ ኮንዶሚኒየም፦ ከመግዛት በፊት ጥቅሙንና ጉዳቱን የመመዘኛ መንገድ

በከተማ መሀል አነስተኛ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የክፍሉን ስፋት፣ የመስኮቱን እይታና ዋጋውን ነው። እነዚህ ሁሉ ሊታዩ የሚገባቸው ቢሆኑም የኑሮውን ምቾት ወይም ምሬት የሚወስኑት እነርሱ ብቻ አይደሉም። ገዢው በአንድ ውል ሁለት ነገሮችን ይገዛል፤ አንደኛው በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚያዝበት ጠባብ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሌሎች ባለቤቶች ጋር በጋራ የሚይዘው የትልቅ ሕንፃ ድርሻ ነው። የአነስተኛ ኮንዶሚኒየም ጥቅሞች በአብዛኛው ከቤቱና ከሚገኝበት ስፍራ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ ከባዶቹ ጉዳቶች ግን የሚመጡት ከድርሻው ነው። በዚህም ምክንያት ከክፍሉ ይልቅ ሕንፃውን መመርመር ብዙ ጊዜ መውሰድ አለበት።

ጥቅሙን በስሌት ማየት

ቀዳሚው ጥቅም ስፍራው ነው። መሬት ውድ በሆነበት የከተማ ክፍል ሰፊ ቤት ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው አነስተኛውን ሊገዛ ይችላል፤ በዚህም ከሥራ ቦታ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሕክምናና ከገበያ ጋር ይቀራረባል። የደርሶ መልስ ጉዞው በቀን አንድ ሰዓት ቢያጥርለት፣ በዓመት 240 የሥራ ቀናት ቢኖሩት 240 ሰዓት ይተርፈዋል፤ ይህም በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲመነዘር 30 የሥራ ቀናት ይሆናል። ይህ ትርፍ ከሚቆጠበው የትራንስፖርት ወጪ ጋር ተደምሮ የጥበቱን ጉዳት ሊያካክስ የሚችል ነው። ሥራውን ከቤት የሚሠራ ሰው ግን ይህን ትርፍ አያገኝም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ በዚያው ክፍል ስለሚውል፣ ለእርሱ ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፊ ቤት ሳይሻለው አይቀርም።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ጥቅም የሙቀት ጉዳይ ነው። ከላይ፣ ከታችና ከግራ ቀኝ በሌሎች ቤቶች የተከበበ ቤት ከውጭው አየር ጋር የሚገናኘው በአንድ ወይም በሁለት ግድግዳ ብቻ ስለሆነ፣ በብርድ ወቅት ሙቀቱን ቶሎ አያጣም፣ ፀሐይ ሲበረታም ቶሎ አይግልም። የመጨረሻው ፎቅ ግን ከዚህ ጥቅም ተካፋይ አይደለም፤ ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የፀሐይ ሙቀት ሲቀበል ይውላልና። የጽዳቱ ቅለት፣ የዕቃው ማነስና ቤቱን ቆልፎ ለሳምንታት መሄድ መቻሉ ማንም የሚገምታቸው ስለሆኑ እዚህ ላይ መዘርዘር አያስፈልግም።

ክፍሉን በሜትር እንጂ በዓይን አለመለካት

በውል ላይ የሚጻፈው ካሬ ሜትር ሁልጊዜ ሰው የሚኖርበትን ወለል ብቻ አያመለክትም። አንዳንድ ሻጮች የግድግዳውን ውፍረት፣ በረንዳውን፣ አልፎ አልፎም የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምረው ይቆጥራሉ። በሰፊ ቤት ላይ የአራት ካሬ ሜትር ልዩነት ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ በ30 ካሬ ሜትር ቤት ላይ ግን ለአንድ አልጋና ለመተላለፊያው የሚበቃ ቦታ ነው። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ የጋራ ሕንፃ ቤት ሻጭ ትክክለኛውን የውስጥ ስፋት እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ ከፍታው ከ1.80 ሜትር በታች የሆነ ወለል በስፋቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ እውነተኛው ስፋት ከተጻፈው ከ5 በመቶ በላይ ካነሰም ገዢው ዋጋው እንዲቀነስለት መጠየቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ገዢው ሜትር ይዞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከመለካት የሚከለክለው የለም።

ስንት ካሬ ሜትር ይበቃል የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። የፈረንሳይ ደንብ ለኪራይ የሚቀርብ ቤት ዋናው ክፍል ቢያንስ 9 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.20 ሜትር ከፍታ፣ አለዚያም 20 ሜትር ኩብ ይዘት እንዲኖረው ይጠይቃል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዳዲስ ቤቶች የወጣው መለኪያ ደግሞ ሻወር ላለው የአንድ ሰው ቤት 37 ካሬ ሜትር ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ቁጥር ሰው ከዚያ ባነሰ ቦታ እንዳይኖር የተቀመጠ ዝቅተኛ ገደብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ዕቃውን አስቀምጦ፣ አብስሎና ተኝቶ መኖር እንዲችል የታሰበ ነው። ከ37 ካሬ ሜትር በታች ለሁለት ሰዎች መግዛት፣ በተለይ አንደኛው ሌሊት የሚሠራ ወይም ቤት የሚውል ከሆነ፣ በእኔ ግምት የማይመከር ውሳኔ ነው።

ልኬቱን ከወሰዱ በኋላ የክፍሉን ንድፍ በ1 ለ50 መጠን በወረቀት ላይ ይሥሩ፤ በዚህ መጠን አንድ ሜትር በወረቀቱ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያሉዎትን ዕቃዎች በዚያው መጠን ቆርጠው ያስቀምጡ። የበሮችንና የቁም ሣጥን መዝጊያዎችን መዞሪያ መሣል አይርሱ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ የሚበላው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን ከፊቱ ባዶ መተው ያለበት ወለል ነው። ለመተላለፊያ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ካልተረፈ ዕቃው አልገባም ማለት ነው። የደረጃውን መታጠፊያና የሊፍቱን በርም ይለኩ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚበቃ አልጋ በደረጃው ላይ አልዞር ሊል ይችላልና።

ከስፋቱ ቀጥሎ አየሩን ይመርምሩ። በአነስተኛ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ፣ ከምግብ ማብሰያው፣ ከሻወሩ፣ ከሚደርቀው ልብስና ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ቶሎ ይከማቻል። አንጻራዊው እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ በቀዝቃዛ ግድግዳዎች ላይና ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ይበቅላል። መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ጎን ብቻ ከሆኑ ንፋስ ገብቶ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለ፣ መታጠቢያ ቤቱና ማብሰያው አየሩን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሳቢያ ሊኖራቸው ይገባል። መሳቢያው መሥራቱን ለማወቅ አንድ ቀጭን ወረቀት ያስጠጉበት፤ ወረቀቱ ካልተሳበ ጌጥ ብቻ ነው። ግድግዳው በቅርቡ ቀለም ከተቀባና የተቀባው አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ፣ ያ ጥግ ለምን ተመርጦ እንደተቀባ መጠየቅ አያሳፍርም።

ድምፅ

ስለ ጫጫታ የሚቀርቡ ቅሬታዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ። የሰው ንግግርና ሙዚቃ በአየር ይተላለፋሉ፤ እነርሱን የሚያግደው ክብደት ስለሆነ ወፍራም የኮንክሪት ወለል ወይም በሁለት በኩል የተለሰነ ወፍራም ግድግዳ በደንብ ይቀንሳቸዋል። የእግር ኮቴ፣ የወንበር መጎተትና የሚወድቅ ዕቃ ግን የሕንፃውን አካል በቀጥታ ስለሚመቱ፣ ያው ከባድ ኮንክሪት ድምፁን ተቀብሎ ወደ ታች ያደርሰዋል። የሁለተኛው ዓይነት ድምፅ ክፋቱ መድኃኒቱ ያለው ከላይ ባለው ጎረቤት ወለል ላይ መሆኑ ነው፤ ምንጣፍ ወይም ከወለሉ ንጣፍ ሥር የሚገባ ለስላሳ ነገር እርሱ ካላነጠፈ በስተቀር፣ እርስዎ ኮርኒስዎን ቢያለብሱም የሚያገኙት ውጤት ጥቂት ነው። በመሆኑም የሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ስለ ወለል ንጣፍ ምን እንደሚል አስቀድመው ያንብቡ።

ሻጮች ቤት የሚያሳዩት አብዛኛውን ጊዜ ነዋሪዎች ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነው። በምሽትና በዕረፍት ቀን ተመልሰው መምጣት፣ መኝታው ባለበት ክፍል ውስጥም ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ብለው መቀመጥ ይገባል። የመኝታው ግድግዳ ከሊፍቱ፣ ከውሃ መግፊያ ሞተሩ ወይም ከቆሻሻ መጣያው ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ በእኔ እምነት የዋጋ ቅናሽ የሚያካክሰው አይደለም።

የሕንፃውን መዝገብ ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የባለቤቶች ማኅበር ያለፉትን ሦስት ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ መተዳደሪያ ደንቡንና የመድን ውሉን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። ለመስጠት የሚያቅማማ ማኅበር ካጋጠመዎ፣ ወይ መዝገብ አልያዘም፣ ወይም የያዘው የሚያኮራ አይደለም።

በመጀመሪያ የሚታየው የወርሃዊ መዋጮው አከፋፈል ነው። መዋጮው በካሬ ሜትር የሚከፋፈል ከሆነ ትንሽ ቤት ትንሽ ይከፍላል፤ በቤት ቁጥር እኩል የሚከፋፈል ከሆነ ግን የ30 ካሬ ሜትር ባለቤት ከ90 ካሬ ሜትር ባለቤት ጋር እኩል ስለሚከፍል፣ በካሬ ሜትር ሲሰላ ሸክሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ድምፅ የሚሰጠው በስፋት ልክ ከሆነ፣ የትንሽ ቤት ባለቤቶች ቁጥራቸው ቢበዛም በውሳኔ ጊዜ አቅማቸው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሕጎች ጎጂ ሆነው የተጻፉበት ደንብ፣ ማለትም ክፍያው እኩል፣ ድምፁ ግን በስፋት የሆነበት፣ ለአነስተኛ ቤት ገዢ የማይበጅ ነው።

ቀጥሎ የማይከፍሉትን ይቁጠሩ። 40 ቤቶች ባሉበት ሕንፃ አሥሩ መዋጮ ካቆሙ የገቢው ሩብ ጠፍቷል፤ የጥበቃው ደመወዝና የደረጃው መብራት ግን ሊቀር ስለማይችል፣ የሚቀረው ጥገናው ነው። ከዚያም የመጠባበቂያ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ ጠይቀው ከሕንፃው ዕድሜ ጋር ያነጻጽሩት። ሊፍት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት ካገለገለ በኋላ ዋና እድሳት ይፈልጋል፤ የጣሪያው ውሃ መከላከያ ንጣፍም ዘለዓለም አይቆይም። ሃያ ዓመት የሞላው ሕንፃ ባዶ መጠባበቂያ ይዞ ዝቅተኛ መዋጮ ቢያስከፍል፣ ዝቅተኛነቱ ቅናሽ ሳይሆን ለቀጣዮቹ ባለቤቶች የተላለፈ ዕዳ ነው።

የዚህ ዕዳ መጨረሻ ምን ሊሆን እንደሚችል ሁለት ሕንፃዎች ያሳያሉ። በቶኪዮ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራው የናካጊን ካፕሱል ሕንፃ እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር ያህል የሆኑ 140 ክፍሎች ነበሩት፤ አርክቴክቱ ኪሾ ኩሮካዋ ክፍሎቹ በ25 ዓመት ገደማ እየተነቀሉ በአዲስ እንዲተኩ አስቦ ነበር። ክፍሎቹ የተለያዩ ባለቤቶች ነበሯቸው፤ መተካቱ አንድም ጊዜ ሳይፈጸም ቧንቧዎቹ ዛጉ፣ ውሃው ማፍሰስ ጀመረ፤ ሕንፃውም እ.ኤ.አ. በ2022 ፈረሰ። በዓለም ከታወቁት አነስተኛ ቤቶች መካከል የሚቆጠሩት እነዚህ ክፍሎች የተጎዱት በጥበታቸው ሳይሆን የጋራው ጥገና ባለመፈጸሙ ነው።

ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ሰርፍሳይድ በተባለች ከተማ የነበረው ባለ 12 ፎቅ ቻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ኮንዶሚኒየም እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021 በሌሊት በከፊል ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ አንድ መሐንዲስ ከመዋኛው ዙሪያ ወለል ሥር ያለው የውሃ መከላከያ መበላሸቱንና ኮንክሪቱ መጎዳቱን በጽሑፍ አስታውቆ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ስለ ወጪው ሲከራከሩ ቆይተው ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋውን መዋጮ ያጸደቁት በ2021 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግዛቱ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ለሆኑ ኮንዶሚኒየሞች የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥናት ግዴታ አድርጓል። ገዢ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ምክር፣ በቃለ ጉባኤ ውስጥ “ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል” የሚለውን ሐረግ መፈለግ ነው። አንድ የጣሪያ ወይም የምድር ቤት ጥገና በተከታታይ ሦስት ስብሰባዎች ከተላለፈ ዋጋው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ተቃርቧል።

ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ በአካል ያረጋግጡ። ምድር ቤቱ ውስጥ የዛገ ብረት ከኮንክሪት ብቅ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ በጣሪያው ላይ ዝናብ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላም ውሃ ተኝቶ የሚገኝ ከሆነ፣ ሽያጩን አዘግይተው ባለሙያ መሐንዲስ ያስመርምሩ።

ፎቅና ውሃ

የውሃ ግፊት የሚመጣው ከከፍታ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ውሃው ከጣሪያ ማጠራቀሚያ በራሱ የሚወርድ ከሆነ፣ ከማጠራቀሚያው ሦስት ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የላይኛው ፎቅ የሚያገኘው 0.3 ባር አካባቢ ስለሆነ፣ ሻወሩ ይንጠባጠባል፣ አንዳንድ የውሃ ማሞቂያም አይሠራም። ከታች ያለው ቤት ደግሞ ግፊት አያጣም፤ ነገር ግን የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ የላይኞቹ ሁሉ ቆሻሻ የሚመለሰው በእርሱ በኩል ነው። ሊፍት ለሌለው ሕንፃ መካከለኛው ፎቅ ከሁለቱም ይሻላል። ቧንቧውን ከፍተው ይመልከቱ፤ የወለል ማፍሰሻውንም ሽታ አያሳልፉ።

ከመፈረም በፊት የሚቀር ነገር

የሚቻል ከሆነ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ተመሳሳይ ቤት ለተወሰኑ ወራት ተከራይተው ይኑሩ። የኪራዩ ወጪ ብክነት ቢመስልም ከተሳሳተ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ዕቃዎን ሁሉ ይዘው ካልገቡ ግን ሙከራው ምንም አያሳይም። ቤተሰብ ለመመሥረት ወይም አረጋዊ ዘመድ ለማስጠጋት የሚያስቡ ከሆነ፣ ቤቱን ለስንት ዓመት እንደሚፈልጉት ወስነው፣ ከዚያ በኋላ ማከራየትና መሸጥ በደንቡ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ ማኅበራት የአጭር ጊዜ ኪራይን ይከለክላሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለውን መዋጮ ከአዲሱ ገዢ ስለሚጠይቁ፣ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ከማኅበሩ ሳይቀበሉ፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ንባብም በሻጩ ፊርማ ሳይመዘገብ ቀሪውን ክፍያ አይፈጽሙ።