ጎንደር ላይ ለዕለት ሥራ ትልቅ ፎርዊል መኪና ያስፈልግዎታል? ሳይገዙ በፊት እንዴት እንደሚያውቁ

ጎንደር ላይ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ለዚህ አገር ላንድክሩዘር ነው» የሚል ነው። ምክሩ ከመሬት ተነሥቶ የተባለ አይደለም። ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። ከዋናው አስፓልት ወጣ ሲሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል፣ አፈር መንገዱ ይቦካል።

ይሁን እንጂ ከፒያሳ አዘዞ ለሚመላለስ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ማራኪ ሥራ ለሚገባ፣ አልፎ አልፎ ባሕር ዳር ለሚሄድ ሰው ችግሩን የሚፈታለት አራቱም ጎማ በሞተር መዞሩ አይደለም። የሚያስፈልገው ጥርሱ ያላለቀ ጎማ፣ ድንጋይ የማይነካው ሆድና ዳገት የሚያወጣ ሞተር ነው። ሦስቱም በትንሽ መኪና ይገኛሉ። የእርስዎ ጉዳይ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ መለካት ያስፈልጋል።

መንገድዎን ይለኩ

ባለፉት ሦስት ወራት የሄዱባቸውን መንገዶች ሁሉ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ አስፓልት፣ ኮብልስቶን፣ ጠጠር፣ ቀይ አፈር ወይም ጥቁር አፈር ብለው ያስቀምጡ፤ በወር ስንት ቀን እንደሚሄዱበትም ይጨምሩ። አንዴ ለሠርግ የተሄደበት የገጠር መንገድ ከየቀኑ መንገድ እኩል እንዳይቆጠር ቀኖቹን መጻፍ ግድ ነው።

ከዚያ ከዝርዝሩ እጅግ መጥፎ የሆነውን ቦታ ይምረጡና ዝናብ ባደረ ጠዋት በእግርዎ ይሂዱ። ብዙ ጊዜ ይህ ቦታ ከአስፓልቱ እስከ ግቢዎ በር ያለችው 200 ወይም 300 ሜትር ናት። አንድ ቀጥ ያለ እንጨትና ሜትር ይያዙ። እንጨቱን ከመንገዱ መሐል ካለው ጉብታ ወይም ከወጣው ድንጋይ አናት ላይ አግድም ያሳርፉ፤ ከእንጨቱ እስከ ጎማ መሄጃው ወለል ያለውን ቁመት ይለኩ። የመኪናው ሆድ ማለፍ ያለበት ይህን ቁመት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሻጭ የሚነግርዎት ከመሬት እስከ ሆድ ያለው ቁጥር የባዶ መኪና ነው። አምስት ሰው ሲሳፈርና ዕቃ ሲጨመር መኪናው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ አሞርዛተሩና ሞላው ከደከመ ከዚያም በላይ። ስለዚህ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቪትዝ ሰው ሲሞላ በደህና የሚያልፈው 10 ሳንቲ ሜትር ጉብታ ነው። ሱዙኪ ዲዛየር 16 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 12 ያህል ያልፋል። እንደ ቪታራና ራቭ ፎር ያሉት ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያላቸው 15 ያህል ይችላሉ። ፕራዶና ላንድክሩዘር 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ 18 ያህሉን ያልፋሉ። የለኩት ጉብታ 15 ከሆነ ችግርዎ የከፍታ እንጂ የፎርዊል አይደለም፤ በሁለት ጎማ የሚነዳ ከፍ ያለ መኪና ይበቃዎታል። ጉብታው አንድ ድንጋይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ድንጋዩን ማውጣትና ጎድጓዳውን በጠጠር መሙላት ከማንኛውም መኪና ይረክሳል። ከሰኔ በፊት ቢሠራ ክረምቱን ይዘልቃል።

ፎርዊል የሚሠራውና የማይሠራው

ፎርዊል የሞተሩን ጉልበት ለአራት ጎማ ያካፍላል። ስለዚህ ከቆሙበት ለመነሣትና የሚያንሸራትት ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ለማቆም አይረዳም፤ ማንኛውም መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ ፍሬን ነው፣ ባለ ፎርዊሉ በዚህ ብልጫ የለውም። እንዲያውም ላንድክሩዘር ቪኤይት ከ2,600 ኪሎ ግራም በላይ ሲመዝን ዲዛየር 900 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከደባርቅ በኋላ ያለውን የሊማሊሞ ቁልቁለት ያንን ሁሉ ክብደት በፍሬን ብቻ እየያዙ ቢወርዱ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ፔዳሉ እየላላ ይሄዳል።

በእጅ የሚገባ ፎርዊል ያላቸው፣ ለምሳሌ ሃይሉክስ፣ ደረቅ አስፓልት ላይ በፎርዊል መነዳት የለባቸውም። መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፤ ሁለቱ ወገኖች በፎርዊል ተቆልፈው ሲያዙ ልዩነቱን የሚያስተነፍስ ነገር ስለሌለ ጎማው ይፋቃል፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ትራንስፈርና ክሮቸራው ይጎዳል። ፕራዶና ቪኤይት ሁልጊዜ በአራት ጎማ ስለሚሄዱ መሐል ላይ ይህን ልዩነት የሚያስተነፍስ ዲፈረንሻል አላቸው፤ እነሱ ላይ የተከለከለው የመሐሉን ዲፈረንሻል ቆልፎ አስፓልት ላይ መንዳት ነው።

ትልቅ መኪና ለቤተሰብ ደህና ነው የሚባለውም በከፊል ብቻ እውነት ነው። ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ውስጡ ያሉትን ይጠብቃል። ግን ቁመቱ በፈጣን ጥምዝ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል፤ ከፍ ያለው ኮፈኑም ከፊቱ የቆመን ትንሽ ልጅ ይሸፍናል። ባጃጅ፣ ተማሪና አህያ እኩል በሚጋፉበት የጎንደር መንገድ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም አደጋ ነው፤ ግዢው ሲታሰብ ከዋጋው እኩል ሊመዘን ይገባል።

እርጥብ ዳገት በትንሽ መኪና

የሚበዛው አሽከርካሪ ችግር እዚህ ነው፣ የሚበዛውም መፍትሔ እዚሁ ነው።

ከጎማ ይጀምሩ። የጎማ ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ውኃና ጭቃ ማስወጣት ያቅተዋል፤ ክረምት ሳይገባ ይቀየር። አዲስ ጎማ ሁለት ብቻ የመግዛት አቅም ካለዎት በተለመደው አስፓልት ላይ የሚመከረው ከኋላ ማድረግ ነው፣ መኪናው ጅራቱ እንዳይሸሽ። ያን ጊዜ ግን ያረጀው ጎማ ከፊት ይቀራል፤ ስለዚህ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ያለው የዳገት ሰፈር ነዋሪ አራቱንም አንድ ላይ ቢቀይር ይሻለዋል። ንፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ይለኩ፤ በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይከተሉ፣ ለትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 33 ፒኤስአይ ነው። ንፋስ ያለቅጥ የበዛበት ጎማ ኮብልስቶኑን በመሐሉ ብቻ ስለሚነካ ቶሎ ይንሸራተታል።

የሞተሩን ነገር አይርሱ። በጎንደር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሃያ በመቶ ገደማ ያጣል። 1,000 ሲሲ ሞተር ብቻዎን ሲነዱ ይበቃል፤ ከአራት ሰው ጋር ዳገት መሐል ከቆመ ግን ፍሪሲዮን እያቃጠለ ነው የሚነሣው። ለዚህ ከተማ 1,200 ወይም 1,300 ሲሲ ይመረጣል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ፊት ለፊት የሚወርድ መኪና እንደሌለ ያረጋግጡ፤ መሐል ላይ መቆም ነው የሚያበላሸው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ በአንደኛ፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይግቡና እግርዎን ሳይለዋውጡ ይውጡ። ጎማው ባዶውን መዞር ከጀመረ ነዳጅ አይጨምሩ፤ የሚዞር ጎማ ጭቃውን ይበልጥ ያለሰልሰዋል። እግርዎን ቀስ ብለው ያንሡ፣ ካልያዘ በፍሬን ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይመለሱና ጭቃ ያልተለጠፈበትን ጠርዝ መርጠው እንደገና ይሞክሩ።

ቪትዝና ዲዛየር የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና የሚነዱት ጎማዎች ይቀላሉ። ከኋላ የጫኑትን ከባድ ዕቃ ማውረድ ብቻውን ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታል። አጭር ከሆነና ከኋላ የሚያሳይዎት ሰው ካለ በኋላ ማርሽ መውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ባዶ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ግን በተቃራኒው በኋላ ጎማ ነው የሚነዳው፣ ካሳው ባዶ ስለሆነም እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ከቪትዝ ቀድሞ ይንሸራተታል። ፎርዊሉን ማስገባት ወይም ከኋላ ጎማው በላይ 100 ኪሎ ግራም ያህል አሸዋ በማዳበሪያ አስሮ መጫን ያስፈልገዋል።

ሲወርዱ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ «ኤል» ወይም «2» ላይ ያድርጉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገቡ፣ መውረድ ክፉ ልማድ ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱና እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሡ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ በፎሌ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ያጠጣሉ። ቁጠባም የለውም፣ ፍሬንም ያቃጥላል።

የወሩን ወጪ በሊትር ያስሉት

የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ በብር ሳይሆን በሊትር ይቁጠሩ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ቢነዱ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገት በበዛበት ከተማ ትንሽ የቤንዚን መኪና በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 60 ሊትር ይፈጃል። ቪኤይት ናፍጣ 6.5 ቢሄድ 120 ሊትር። ልዩነቱ በዓመት 720 ሊትር ነው፤ ማደያ ላይ በተለጠፈው ዋጋ ያባዙት። የሞተር ዘይት ለትንሹ ከ3 እስከ 3.5 ሊትር ሲሆን ለ4.5 ሊትሩ ናፍጣ ቪኤይት 9 ሊትር ገደማ ነው። ወደ ጎሚስታ ጎራ ብለው የ165/80 አር 14 እና የ285/60 አር 18 ጎማ ዋጋ አንድ ላይ ይጠይቁ፤ በአራት ሲያባዙት ነገሩ ይገለጣል።

የመግዣው ዋጋም ታክስ አለበት። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለአዲስ መኪና እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ፤ ያገለገለው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያሉት ባለ ነዳጆች በአብዛኛው ቀድመው አገር ውስጥ የነበሩት ናቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ለሚያስቡ፦ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ ሲወርድም ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ከላይ ያለው የጉብታ ልኬት ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል። በተለመደው የቤት ሶኬት በ2 ኪሎ ዋት ሌሊቱን ቢሞላ ለ100 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል።

በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው

ሥራቸው ደምቢያ ሜዳ የሆነ፣ በክረምት ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎች የሚገቡ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ፎርዊል ያስፈልጋቸዋል። የደምቢያ ጥቁር አፈር ሲረጥብ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ፎርዊልም ቢሆን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ዝናቡ ካባራ ፀሐይ መሬቱን እስኪያጠናክረው ግማሽ ቀን መጠበቅ ከሁሉ ይሻላል። መኪናው ውስጥ አካፋ፣ አንድ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ወፍራም ጣውላዎች፣ ከ8 እስከ 10 ሜትር መጎተቻ ገመድና በ12 ቮልት የሚሠራ የንፋስ መሙያ ይኑር። ለስላሳ ቦታ ላይ ንፋሱን ወደ 20 ፒኤስአይ ቢያወርዱ ጎማው ይሰፋል፤ እንደወጡ ግን መልሰው ይሙሉ። ከደባርቅ በሰሜን ተራሮች ውስጥ ወዳሉት ሳንቃበርና ጨነቅ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ሳምንት በሳምንት ለሚመላለስም እንዲሁ።

በዓመት አራት አምስት ጊዜ ብቻ እንዲህ ያለ መንገድ የሚያጋጥመው ሰው ግን ለእነዚያ ቀናት ባለ ፎርዊል መኪና ከነሹፌሩ ቢከራይ ያዋጣዋል። የኪራዩን ዋጋ በቀኖቹ አባዝተው ከላይ ካሰሉት የዓመት ልዩነት ጋር ያስተያዩት። ጎርፍ የሚሻገር መንገድ ካለ ግን በምንም መኪና አይገመት፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል፣ 60 ደግሞ ትልቁንም።

ያገለገለ ፎርዊል ሲገዙ

ስሌቱ ፎርዊል ካለዎት ፎርዊሉ የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለዓመታት ሳይገባ የቆየ ማርሽ ሊጣበቅ ይችላል። በእጅ የሚገባ ከሆነ ጠጠር መንገድ ላይ «ፎር ሃይ» (የተለመደው ፍጥነት ፎርዊል) ያስገቡና መሪውን እስከ ጥግ አዙረው በዝግታ ይሂዱ። መኪናው እንደ መያዝ ካላለ የፊት ጎማው እየተነዳ ላይሆን ይችላል። በዚሁ ዙሪት ከፊት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ የፊት መገጣጠሚያው አልቋል። «ፎር ሎው» (የዝግታው ፎርዊል) አስገብተው በአንደኛ ማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን ሳይረግጡ መኪናው በዝግታ መያዝ አለበት። አራቱም ጎማ ተመሳሳይ ቁጥርና ተቀራራቢ ጥርስ ይኑራቸው፤ የተለያየ ጎማ ሁልጊዜ በአራት የሚነዳን መኪና ዲፈረንሻል ይበላል። በመጨረሻ መካኒኩ የፊቱንና የኋላውን ዲፈረንሻል የዘይት ቡሎን ከፍቶ ጣቱን ያስገባ። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ ውስጡ ያሉት ኩሽኔታዎችና ጥርሶች መዛግ ጀምረው ይሆናል፤ የማሠሪያው ወጪ ከዋጋው ላይ ሳይቀነስ ገንዘብ አይክፈሉ።