የድንኳን ዘንግ አጠጋገንና የውስጥ ላስቲኩ አቀያየር

የድንኳን ዘንግ ሲሰበር ብዙ ሰው በነፋሱ ወይም በዘንጉ ጥራት ያሳብባል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው በዘንጉ ውስጥ ከሚያልፈው ተለጣጭ ገመድ፣ በተለምዶ ላስቲክ ከምንለው ነው። ላስቲኩ ሲላላ የዘንጉ ቁርጥራጮች ተሳስበው እስከ መጨረሻው አይገቡም፤ መጋጠሚያው ላይ ጥቂት ክፍተት ከቀረ ደግሞ ዘንጉ ሲጎብጥ የሚሸከመው ኃይል በቱቦው ቀጭን ከንፈር ላይ ያርፍና ቱቦው ከጫፉ ይሰነጠቃል። በጅማ አካባቢ፣ በለጠ ጌራ በሚባለው ደን ባደርንበት አንድ የነሐሴ ሌሊት የእኔም ድንኳን የወደቀው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ዝናቡ በላይኛው ሸራ ላይ አቁሮ ነበርና ጠዋት ዘንጉን ሳወጣው ስንጥቁን በደንብ ካልገባው መጋጠሚያ ላይ አገኘሁት። ስለዚህ ስብራቱን ብቻ ጠግኖ የላላውን ላስቲክ የሚተው ሰው በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ መጋጠሚያ ሊሰነጠቅበት እንደሚችል ይወቅ።

በቅድሚያ ዘንጉ ከምን እንደተሠራ ይለዩ። የአሉሚኒየም ዘንግ ቀላል ቱቦ ሲሆን ቁርጥራጮቹ የሚያያዙት ወደ ውስጥ በሚገባ አጭር ቱቦ ነው፤ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ 8.5 ወይም 9 ሚሊ ሜትር ነው። የፋይበርግላስ ዘንግ ከዚህ ይከብዳል፤ መጋጠሚያውም ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚታይ የብረት ቱቦ ነው። የተሰነጠቀ ፋይበርግላስ በባዶ እጅ አይነካም፤ ስንጥሩ ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚያሳክክና ለማውጣት የሚያስቸግር ስለሆነ ጓንት ያድርጉ።

አሮጌውን ላስቲክ ከማውጣትዎ በፊት ዘንጉን ወለል ላይ ዘርግተው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይም ትንሽ ናስትሮ ለጥፈው ተራ ቁጥር ይጻፉበት። ከፋብሪካው ጎብጠው የተሠሩ ወይም ከሌሎቹ ያጠሩ ቁርጥራጮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ ድንኳኑ ቅርጹን ይዞ አይቆምም። ከዚያ በኋላ የዘንጉን የጫፍ መክደኛ በፒንሳ ይዘው በዝግታ እያዞሩ ያውጡት። ላስቲኩ የታሰረው እዚያው ነው፤ ቋጠሮው እንዳያልፍ የሚያግድ ትንሽ ሮንዴላ ካለም እንዳይጠፋብዎ ያስቀምጡት።

አዲሱ ላስቲክ ክብ፣ በጨርቅ ክር የተሸፈነና ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር መሆን አለበት። ለቀሚስ ወገብ የሚሆነው ጠፍጣፋ ላስቲክ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። በጅማው ሂርማታ ገበያ የልብስ ስፌት ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሲፈልጉ ከዘንጉ አንዱን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፤ ላስቲኩም በጠባቡ ቦታ፣ ማለትም በአሉሚኒየሙ የውስጥ ማያያዣ ቱቦ በኩል ሳይታሽ ማለፉን እዚያው ይፈትሹ። ወፍራም ላስቲክ ጠንካራ ይመስላል እንጂ በመጋጠሚያው ጠርዝ እየታሸ ቶሎ ይበጠሳል።

ዋናው ጥንቃቄ ርዝመቱ ላይ ነው። ላስቲኩ ሳይወጠር ከተገጠመው ዘንግ ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፤ 4 ሜትር ለሚሆን ዘንግ 3 ሜትር ያህል ማለት ነው። ሆኖም ላስቲክ ሁሉ እኩል አይለጠጥምና አስቀድመው አይቁረጡት። ጫፉን በላይተር አቅልጠው ያጠንክሩት፤ አሁንም ማለፍ ካስቸገረው በቀጭን ሽቦ ጎትተው በሁሉም ቁርጥራጮች ውስጥ ያሳልፉት። አንዱን ጫፍ በመክደኛው ላይ ስምንት ቁጥር በሚመስል ቋጠሮ ያስሩ፤ በሌላው ጫፍ በኩል ቁርጥራጮቹ ተሳስበው እስኪገጥሙ ድረስ ይሳቡና ላስቲኩ ተመልሶ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት። አሁን ዘንጉን ለማጠፍ ይሞክሩ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሲለያይና ሲታጠፍ ላስቲኩ ተጨማሪ ርዝመት ስለሚፈልግ፣ ሁሉም ከታጠፈ በኋላ ትንሽ የመለጠጥ አቅም ሊቀረው ይገባል፤ ከታጠፈበት እየተወረወረ የሚወጣ ከሆነ ተወጥሯል፣ ሲዘረጋ በራሱ የማይገጥም ከሆነም ላልቷል። ልኩን ሲያገኙ ያስሩ፣ ከቋጠሮው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አስተርፈው ይቁረጡ፣ ጫፉንም ያቅልጡት።

የተሰበረው አሉሚኒየም ከሆነ በስብራቱ ላይ የሚለብስ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቱቦ ያዘጋጁ፤ የውስጥ ስፋቱ ከዘንጉ ውፍረት በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ መሆን አለበት። የአሮጌ የቴሌቪዥን አንቴና ቱቦ ልኩ ከገጠመ ለዚህ ይሆናል። የተገለበጠውን የስብራቱን ጠርዝ በፒንሳ ጨምቀው፣ በሞረድ አለስልሰው፣ ቱቦውን ስብራቱ መሐሉ ላይ እስኪውል ድረስ ያንሸራቱትና ሁለቱንም ጫፎች በናስትሮ አጥብቀው ይጠቅልሉ። ዘንጉ ሳይሰበር ጎብጦ ብቻ ከቀረ ግን ሙሉ በሙሉ ላቅናው አይበሉ፤ አሉሚኒየም አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ ይደክማል፣ በመጋጠሚያ በኩል እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ቀስ ብለው መልሱት።

ፋይበርግላስ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ቁራጩን መለወጥ ይሻላል። የተሰነጠቀው ጫፉ ጋ ብቻ ከሆነ ግን ያንን ቦታ በብረት መጋዝ ቆርጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የብረት ቱቦውን መልሰው ማጣበቅ ይችላሉ፤ ከርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢቀነስ ድንኳኑ ብዙውን ጊዜ ይችለዋል።

ድንኳኑን ሲተክሉ ዘንጉን በሸራው እጅጌ ውስጥ ይግፉት እንጂ አይሳቡት፤ ሲሳብ መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ለውስጥ ይከፈታሉ። ሲያጥፉ ከመሐል ይጀምሩ፣ ያኔ ውጥረቱ ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል ይካፈላል። በጅማ እርጥበት ዘንጉን እርጥብ እንደሆነ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ላስቲኩንም መጋጠሚያውንም ይጎዳል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው የኮርኒስ ሙቀትም ላስቲኩን ያደርቀዋል። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ የሞተር ዘይት ወይም ላምባ አይቀቧቸው፤ ሁለቱም ላስቲኩን ያበላሹታል።